የሐጂ መኪናና ሰማያዊው ደብተር

ሐጂ ከሐይቅ የመጡት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ኤሌክትሪክ መኪናቸው በራሷ ጎማ አልመጣችም። አይሱዙ ላይ ተጭና ነው ኮምቦልቻ የገባችው። ባትሪዋ 9 ከመቶ ላይ ቆሟል። ቻርጅ አትቀበልም። ክሩስኮቱ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጥቷል።

«ልጄ፣ ባትሪው ሞቷል ብለውኛል» አሉኝ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ። እኛ ወሎ ውስጥ ሰላምታው ሳያልቅ ወደ ጉዳይ የሚገባ ሰው ጭንቅ የያዘው ነው። ለአዲስ ባትሪ የተጠየቁትን ሲነግሩኝ እኔም ደነገጥኩ። ከመኪናዋ ግማሽ ዋጋ ይበልጣል።

«አብሽሩ ሐጂ፣ መጀመሪያ እናንብባት» አልኳቸው።

ነገሩ የጀመረው ክረምት ላይ ነው። መኪናዋ ቤት ተሰክታ ሳለ መብራት ሄደ። ሲመለስ ኃይሉ ጨምሮ መጣና ቻርጀሩ ተቃጠለ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ማለቴ አይደለም። የቤቱን 220 ቮልት ተቀብሎ ለባትሪው በሚሆን መልኩ የሚቀይር ሳጥን መኪናዋ ውስጥ አለ፤ እሱ ነው የተቃጠለው። አንድ ጋራዥ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ አስመጥቶ ቀየረላቸው። ሳጥኑ ያው ነው። ሶኬቱ ያው ነው። ብሎኖቹም ገጠሙ። ቻርጅ ግን እምቢ አለ። ሌላ ጋራዥ ሲሄዱ ባትሪው ሞቷል ተባሉ።

በ2016 ጥር ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ በደሴና በኮምቦልቻ ኤሌክትሪክ መኪና ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። እኔ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ የቻይና ሥሪት ናቸው። ለቻይና ገበያ ተብለው የተሠሩም ብዙ ናቸው። እነዚህ እዚህ ሲደርሱ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካቸው ጋር በኔትወርክ አይገናኙም፤ ሶፍትዌራቸው ሲመጡ በነበረበት ይቆማል። ስለዚህ ሁለት መኪኖች በሞዴልም በዓመተ ምርትም አንድ ሆነው በሶፍትዌር ሊለያዩ ይችላሉ። የአንዷን ሳጥን አውጥተህ ሌላዋ ላይ ስታስር ብሎኑ ስለገጠመ ብቻ ሁሉም ነገር ገጠመ ማለት አይደለም።

የመኪናዋን ኮምፒውተሮች የሚያነበውን ስካነር ከመሰካቴ በፊት ትንሿን ባትሪ ለካሁ። 11.4 ቮልት። ኤሌክትሪክ መኪናም እንደማንኛውም መኪና ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላት። በመኪናዋ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚነቁት በሷ ነው። እሷ ስትደክም እርስ በርስ መደማመጥ ያቅታቸዋል፤ በሌለ ጥፋት ኮድ ይመዘግባሉ። ሞላኋትና አነበብኩ። 14 ኮድ። ሁሉንም በስልኬ ፎቶ አንስቼ አጠፋሁ። መኪናዋን ቆልፌ፣ ቁልፉን አርቄ፣ ሩብ ሰዓት አስተኛኋት። ስትነቃ የተመለሱት 2 ብቻ ናቸው። አንዱ የፋብሪካው የራሱ ኮድ ነው። ሌላው ዩ0300።

እዚህ ኮድ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ዩ» የመገናኛ መስመር ጉዳይ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው ዜሮ ኮዱ የሁሉም ፋብሪካዎች የጋራ መሆኑን ይናገራል፤ 1 ቢሆን የፋብሪካው የግሉ ነው። ዩ0100 ቢሆን ኖሮ ከሞተር መቆጣጠሪያው ጋር ግንኙነት ተቋርጧል ማለት ነው። ያኔ ሽቦ፣ ሶኬት፣ ቫልቮላ፣ ማሳ (ከመኪናዋ ብረት ጋር የሚታሰረው ሽቦ) እያልኩ እፈልግ ነበር። ዩ0300 ሲመጣ ግን ሳጥኑ አለ፣ ይናገራል፣ ድምፁም ይሰማል፤ የያዘው ሶፍትዌር ከሌሎቹ ጋር አልስማማ ብሏል። ብዙ ልጆች ሁለቱን አንድ አድርገው ሽቦ ሲቆርጡ አይቻለሁ። በጣም ያሳዝነኛል። ደህናውን ሽቦ ስትቆርጥ በአንዱ ጥፋት ላይ ሌላ ትጨምራለህ።

ለማንኛውም መስመሩንም ፈተሽኩ። ካን የሚባለው መስመር ሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ናቸው፤ በሁለቱም ጫፍ 120 ኦም ሬዚስተር አለ። ትንሿን ባትሪ ነቅለህ ስትለካ 60 ኦም አካባቢ ማንበብ አለብህ። 120 ካነበብክ አንዱ ጫፍ ተቋርጧል። የሐጂ መኪና 60.8 አለኝ። ትልቁ ባትሪስ? የባትሪው ኮምፒውተር የእያንዳንዱን ሴል ቮልት ያሳያል። በከፍተኛውና በዝቅተኛው ሴል መካከል ያለው ልዩነት 20 ሚሊ ቮልት እንኳ አልሞላም፤ ሴሎቹ እኩል ናቸው ማለት ነው። ሞቷል የተባለው ባትሪ ይህ ነው።

ሐጂን ጠርቼ አሳየኋቸው። ቁጥሩ ባይገባቸውም ፊቴን አይተው «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ከዚያ ወደ መታወቂያው ገጽ ሄድኩ። እያንዳንዱ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር መታወቂያ አለው። አይኤስኦ 14229 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መታወቂያው በምን ቁጥር እንደሚጠየቅ ደንግጓል። በኤፍ190 የሻንሲ ቁጥር ትጠይቃለህ። በኤፍ191 የሳጥኑን የአካል ቁጥር፣ በኤፍ188 የሶፍትዌሩን ቁጥር፣ በኤፍ189 እትሙን። ደህና ስካነር ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ያወጣዋል። ለዚህ ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍበትን ብርቱካናማ ገመድ መንካት አያስፈልግም። ጓንትም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ብዕር ነው። ግን ያንን ገጽ የሚከፍተው ስንቱ ነው? ሁላችንም ወደ ኮዱ ገጽ እንሮጣለን።

እኔ ሰማያዊ ደብተር አለኝ። ደህና ሆና የመጣች ኤሌክትሪክም ሃይብሪድም (በነዳጅም በኤሌክትሪክም የምትሠራ) መኪና ሁሉ ቁጥሯ እዚያ ይሰፍራል። ጎማ ለማስተካከል እንኳ ብትመጣ ባለቤቱን አስፈቅጄ አነባለሁ። እንደ ሐጂ መኪና ያለች አንድ የደሴ የባንክ ሠራተኛ አለው፤ ግንቦት ላይ ጽፌያታለሁ። ገጹን ገልጬ ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። የቻርጀሮቹ የአካል ቁጥር አንድ ነው። የሶፍትዌሩ ቁጥር የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ይለያያሉ። እትሙም የሶማሌ ተራው ይበልጣል። የሻንሲ ቁጥሩ ደግሞ ጭራሽ የሌላ መኪና ነው። አዲስ እትም ያለው ቻርጀር አሮጌ እትም ባላቸው መቆጣጠሪያዎች መሀል ገብቶ ተቀምጧል። ዋናው መቆጣጠሪያ አላወቀውም። ስላላወቀው ወደ ባትሪው የሚያስገባውን ማብሪያ አያገናኝለትም። መኪናዋ እምቢ ያለችው ራሷን ለመጠበቅ ነው።

አንድ የቆየ ምሳሌ ልጨምር። በአውሮፓውያን 2014 የካቲት ወር ቶዮታ 1.9 ሚሊዮን የፕሪየስ መኪኖችን ለእርማት ጠርቶ ነበር። የሶፍትዌሩ አሠራር ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ የሚቀይረው ሳጥን) ውስጥ ያሉ ትራንዚስተሮችን ከልክ በላይ ሊያግልና ሊጎዳ ይችል ነበር። መፍትሔው ሶፍትዌር ነው። ያደሱትም የአንዱን ሳጥን ብቻ አይደለም፤ የሞተርና ጄኔሬተሩን መቆጣጠሪያና የሃይብሪዱን መቆጣጠሪያ አንድ ላይ ነው። ይህን ለተለማማጆቼ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። እነዚህ ሶፍትዌሮች እንደ በሬ ጥንድ ናቸው፤ አንዱን ነጥለህ ብትቀይር እርሻው አይሄድም።

መፍትሔው ለሐጂም ያው ነበር፦ ቻርጀሩ የመኪናዋን ትክክለኛ እትም እንዲይዝ ማድረግ። እዚህ ላይ ግን እጄ ይቀዘቅዛል። የዛሬ ሁለት ዓመት የአንድ ሃይብሪድ መቆጣጠሪያ ሳድስ 71 ከመቶ ላይ መብራት ሄደ። የ12 ቮልቱን ባትሪ የሚደግፈው ቻርጀሬ ጠፋ፣ ባትሪው ወረደ፣ መቆጣጠሪያው ዳግመኛ አልነቃም። ከኪሴ አውጥቼ ተካሁ። የባለቤቱ ትዕግሥት እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። መኪናዋ በዚህ ሥራ ጊዜ ለመንዳት ዝግጁ በሆነችበት ሁኔታ ላይ አትሆንም፤ ስለዚህ ትልቁ ባትሪ ትንሿን አይሞላላትም። የምትጠቀመው ያለችህን ብቻ ነው።

አሁን 13.5 ቮልት ሳያወላውል የሚሰጥ ማሽን አለኝ። እሱም ግድግዳው ላይ አይሰካም፤ በትልልቅ ባትሪዎች ነው የሚሠራው። የፋብሪካው ፈቃድ ያለው አዲስ አበባ የሚገኝ ባለሙያ በኔትወርክ ከርቀት ገባልኝ። ፋይሉን አስቀድመን ኮምፒውተሬ ላይ አወረድን፤ መሀል ላይ ኔትወርክ ቢሄድ እንዳንቆም። የመኪናዋን መብራትና ማራገቢያ አጠፋሁ። በር የሚከፍት ሰው እንዳይኖር አንዱን ተለማማጅ በሩ ላይ አቆምኩት። 23 ደቂቃ ፈጀ። በ23 ደቂቃ ውስጥ አንድም ሰው አላወራም። ሐጂ ከዳር ሆነው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

ከዚያ የሐጂን የሻንሲ ቁጥር ቻርጀሩ ላይ ጻፍን፤ ቻርጀሩንም ከዋናው መቆጣጠሪያ ጋር አስተዋወቅነው። ኮዶቹን ከሁሉም ላይ አጥፍቼ መኪናዋን ደግሜ አስተኛኋት። ስትነቃ ዜሮ ኮድ። ሰካሁት። ጭጭ አለች። ትንሽ ቆይታ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ማብሪያው ተገናኘ። 6.4 ኪሎ ዋት መግባት ጀመረ።

ሐጂ ወደ ዘመድ ቤት ሄደው እንዲያርፉ ብለምናቸው አሻፈረኝ አሉ። ዒሻን ሰግደው እዚያው ጋራዡ ውስጥ ቡና አስፈሉ። አቦሉን ለባለሙያው ብለው በስልክ መረቁት። ያኔ ባትሪው 41 ከመቶ ደርሷል።

በማግሥቱ ጠዋት ሞልተው ሄዱ። እኔ ደብተሩ ላይ የሐጂን መኪና ገጽ ከፍቼ የድሮውንም የአሁኑንም ቁጥር፣ ቀኑንም ጻፍኩ። ረፋዱ ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ ሐረጎን ስወጣ ቁጥሩ ሲወርድ ሆዴ ባባ። ደሴን አልፌ ወደ ሐይቅ ስወርድ ግን መልሶ ጨመረ! ይሄም ሌላ ብልሽት ነው?»

«አይደለም ሐጂ» አልኳቸው። «ስትወርዱ ሞተሩ ራሱ ይሞላላችኋል።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ሱብሐነላህ» ብለው ስልኩን ዘጉ።