ዝነኛ ቦርድ ስንት ያወጣል?

አክሲዮን ልንገዛ ስንነሳ ሒሳቡን ሳናይ የቦርዱን ስም ዝርዝር የምናነብ ብዙ ነን። "እነ እገሌ አሉበት" ከተባለ አለቀ፣ ብራችንን ይዘን እንሰለፋለን። የፈረንጅ ባለሀብትም ከዚህ አይሻልም። የቴራኖስን ጉድ ማየት ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ኤልሳቤት ሆምስ በ2003፣ ገና በ19 ዓመቷ የመሠረተችው የደም ምርመራ ድርጅት ነው። ከጣት ጫፍ በምትወሰድ ጠብታ ደም የማልመረምረው ነገር የለም ባይ ነበር። በ2014 ዋጋው 9 ቢሊዮን ዶላር ገባ። በዚያ ሰሞን ቦርዱ ላይ እነማን ነበሩ? ሁለት የቀድሞ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች፣ ጆርጅ ሹልዝና ሄንሪ ኪሲንጀር፤ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ዊልያም ፔሪ፤ ጄኔራል ጄምስ ማቲስ፤ የቀድሞው ሴናተር ሳም ነን... ጦርነት ለማወጅ እንጂ ደም ለመመርመር የተሰበሰቡ አይመስሉም። ሐኪም አልጠፋም፣ ቢል ፍሪስት ቀዶ ሐኪም ናቸው። ዕድሜውን በደም ላቦራቶሪ የጨረሰ ሰው ግን ብትፈልጉም አታገኙም።

ሹልዝ በ2011 ሲገቡ 90 ዓመታቸው ነበር፤ ከዚያ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ካለው የጥናት ማዕከል፣ ከሁቨር ተቋም፣ ባልደረቦቻቸው ተከታትለው ገቡ። ቦርድ በወዳጅ ሲሞላ ማን ማንን ያፋጥጣል? የገዛ የልጅ ልጃቸው ታይለር እዚያው ተቀጥሮ ሲሠራ የምርመራው ውጤት እንደማይታመን ነገራቸው። አያት ሴትዮዋን አመኑ።

ልጁን ቢሰሙትስ ምን ሊያደርጉ? ሆምስ ከባለአክሲዮኖች ድምፅ 99 በመቶ ያህሉን ይዛለች። ቦርዱ በሙሉ "ትውረድ" ብሎ እጅ ቢያወጣ እሷ ቦርዱን ማሰናበት ትችላለች። ጥርስ የሌለው አንበሳ ነው። ቀደም ሲል ቦርዱ ላይ ጥያቄ ያበዛ ሰው ነበር፣ በአፕል የሶፍትዌር ኃላፊ የነበረው አቪ ቴቫኒያን፤ እሱም በ2007 ለቆ ወጣ።

ስሞቹ ግን ሥራ አልሠሩም ማለት አይደለም። ዋጋውን ከሰቀሉት ነገሮች አንዱ እነሱ ናቸው ባይ ነኝ። የሚዲያ ባለሀብቱ ሩፐርት መርዶክ ብቻውን ወደ 125 ሚሊዮን ዶላር አፍስሷል። በ2015 ዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ ጉዱን አወጣው፣ በ2018 ድርጅቱ ተዘጋ፣ ሆምስም በ2022 ከ11 ዓመት በላይ ተፈረደባት።

"እና ባለሙያ እንሙላበታ!" የሚል አይጠፋም። የአሜሪካውን የኢነርጂ ድርጅት የኤንሮንን የኦዲት ኮሚቴ ይመሩ የነበሩት እኮ የስታንፎርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ዲን የነበሩ የሒሳብ አያያዝ ፕሮፌሰር ናቸው! ዕዳው ከመዝገብ ውጪ ሲደበቅ ኖሮ ድርጅቱ በ2001 ከሰረ።

የእኛም የአክሲዮን ገበያ በራሳችን አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ ተከፍቶ ወጋገን ባንክ ቀድሞ ገብቶበታል። ስለዚህ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጩ ሲጠቆም የሰውየውን ማዕረግ ተዉትና ይህን ጠይቁልኝ፦ ከሥራ አስፈፃሚው ጋር ምን ያገናኘዋል? ከዚህ በፊት የተቀመጠበት ቦርድ ላይ አንድ ቀን "አይሆንም" ብሎ ያውቃል?