ከቨርጂኒያ እስከ ዴንቨር፦ ለሩቅ መንገድ መኪና ገዝቼ የተማርኩት

እህቴ የምትኖረው ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ነው። እኛ ቨርጂኒያ ነን። በመካከላችን 1,700 ማይል ገደማ አለ፤ በአገር ቤት ስሌት ከ2,700 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ለዓመታት የምንጠያየቀው በአውሮፕላን ነበር። ልጆች ሲጨመሩ ነገሩ ከበደ። አምስት ትኬት፣ የሻንጣ ክፍያ፣ እዚያ ሲደርሱ ደግሞ የኪራይ መኪና። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ስድስት እንሆናለን። በመኪና እንሂድ ብለን ወሰንን።

መከራየት ይቻል ነበር። ለአንድ ጉዞ ብቻ ቢሆን እኔም ኪራይን እመርጣለሁ። እኛ የፈለግነው ግን በየዓመቱ የምንሄድበት መኪና ነው። የራስን መኪና ይዞ የመሄድ ትልቁ ጥቅም ገንዘብ አይመስለኝም፤ መኪናውን ማወቅ ነው። ጎማው መቼ እንደተቀየረ፣ የፍሬን ሸራው ምን ያህል እንደቀረው፣ ቁልቁለት ላይ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ ይታወቃል። ካንሳስ መሀል ከልጆችና ከእናት ጋር ሲሆኑ ይህን ማወቅ ልብን ያሳርፋል።

እዚህ አካባቢ ጋራዥ ያላቸው አንድ አንጋፋ መካኒክ አሉ። ብዙ ሐበሻ የታክሲ ሾፌር መኪናውን የሚያሠራው እሳቸው ጋ ነው። ምን ልግዛ ብዬ አማከርኳቸው።

"ስንት ሰው ነው የምትጭነው?" አሉኝ።

"አምስት፤ አንዳንዴ ስድስት። ጋሼ፣ ኤስዩቪ አይሻልም?"

"ለምንድን ነው ኤስዩቪ? መንገዱ ሁሉ አስፋልት ነው። አንተን የሚቸግርህ የሻንጣ ቦታ ነው። ሚኒቫን ግዛ። ቢበላሽ እንኳ መለዋወጫው በየከተማው የሚገኝ ይሁን።"

በዚህ ምክር ቶዮታ ሲዬና መፈለግ ጀመርኩ። ፍለጋውን ያቀለለልኝ ጋሼ የነገሩኝ ዝርዝር ነገር ነው። ከ2007 ሞዴል ወዲህ ያለው ባለ 3.5 ሊትር ሞተር ታይሚንጉ፣ የሞተሩን ክፍሎች አቀናጅቶ የሚያዞረው፣ በሰንሰለት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ባለ 3.3 ሊትር ሞተር ግን ቺንጊያ አለው፤ 90 ሺህ ማይል ላይ ይቀየራል። የቀድሞው ባለቤት መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለው ወጪው የገዢው ነው። ሁለተኛው ነገር ስኮርታ ጎማ ነው። በአራቱም እግሩ የሚነዳው የእነዚያ ዓመታት ሲዬና ስኮርታ የለውም፤ ተበስቶም ትንሽ መንገድ መሄድ የሚችል ልዩ ጎማ ነው የተገጠመለት። ያ ጎማ ውድ ነው፤ ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለ ጉሚስታ ጋ ላይኖርም ይችላል። ስለዚህ በፊት እግሩ ብቻ የሚነዳውን መረጥኩ። ሦስተኛው፣ የመካከለኛው ረድፍ ወንበር ተነቅሎ የሚወጣ መሆኑ ነው። ከ2021 ጀምሮ የመጣው ሃይብሪድ ሲዬና ቤንዚን በጣም ይቆጥባል፤ የመካከለኛው ወንበሩ ግን እንደ ድሮው በቀላሉ አይወጣም።

በመጨረሻ የገዛሁት 2013 ሞዴል ነው። ከዚያ በፊት ግን ትቼው የመጣሁት መኪና አለ። ታጥቦ፣ ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ አንድም የማስጠንቀቂያ መብራት አልበራም። አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ወዲህ የተሸጡ የቤት መኪናዎች በሙሉ ከመሪው ሥር የኮምፒውተር መሰኪያ አላቸው። ርካሽ ማንበቢያ ገዝቼ ይዤ ስለነበር ሰካሁት። የስህተት ኮድ የለም። ነገር ግን መኪናው በራሱ ላይ የሚያደርጋቸው ፍተሻዎች አብዛኞቹ "አልተጠናቀቁም" ይላሉ። ይህ የሚሆነው ኮዱ በቅርቡ ሲጠፋ ወይም ባትሪው ሲነቀል ነው፤ ችግር ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ሻጩን ጠየቅኩት፤ አጥጋቢ መልስ አልነበረውም። አመስግኜ ወጣሁ። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ሁሉ ይህችን ማንበቢያ ቢይዝ ደስ ይለኛል።

የኋላ የኋላ የገዛኋትን መኪና ማየት የጀመርኩት ከወረቀቷ ነው። ታይትሉ፣ አገር ቤት ሊብሬ የምንለው፣ በሻጩ ስም መሆኑን አየሁ። የባንክ ዕዳ እንደሌለበት፣ ከአደጋ በኋላ የተጠገነ የሚል ምልክት እንዳልታተመበትም አረጋገጥኩ። ባለ 17 ፊደልና ቁጥሩን የሻንሲ መለያ ዳሽቦርዱ ላይ ካለው ጋር አመሳከርኩ። ያንኑ መለያ የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማስገባት ይቻላል፤ ያልተሠራ ሪኮል፣ ማለትም ፋብሪካው ለጉድለት ጥገና ያደረገው ጥሪ፣ ካለ ይነግራል። ከ2011 እስከ 2014 ያሉ ሲዬናዎች ታካታ የተባለው ኩባንያ በሠራው ኤርባግ ምክንያት የተጠሩ ስለሆኑ ይህ ለእኔ የግድ ነበር። ሪኮል ዲለር ጋ በነፃ ይሠራል። ሰው ግን ዝም ብሎ ይነዳል።

ጎማውንም በዓይን ብቻ አላየሁትም። የጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ረጅም ቁጥር የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 2316 ካለ በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ፣ ዕድሜው ግን የገፋ ጎማ በሰመር ሙቀት፣ በሙሉ ጭነት፣ በ75 ማይል ፍጥነት አላምነውም። አራቱንም አስቀየርኩ። ለዚህ መኪና ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ በጣም የረካሁበት ይኸው ነው።

የቨርጂኒያን ወጪ ከመግዛታችሁ በፊት አስሉት። የመኪና ግዢ ታክሱ ከዋጋው 4.15 በመቶ ነው። በየዓመቱ የደኅንነት ኢንስፔክሽን አለ፤ በሰሜን ቨርጂኒያ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ ይጨመርበታል። በዚያ ላይ ካውንቲው ወይም ከተማው በየዓመቱ በመኪናው ግምት ልክ የንብረት ግብር ይጠይቃል። ከሜሪላንድ የመጣ ሰው ይህ የመጨረሻው ያስደነግጠዋል።

ኢንሹራንስ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቀድሞ ቨርጂኒያ ውስጥ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር። ከጁላይ 2024 ጀምሮ ያ ቀርቷል። ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ ዝቅተኛው ሽፋን ለአንድ ተጎጂ 50 ሺህ፣ ለአንድ አደጋ በጠቅላላ 100 ሺህ፣ ለንብረት 25 ሺህ ዶላር ነው። 25 ሺህ ዶላር ዛሬ የአንድ አዲስ ፒካፕ ዋጋ አይሸፍንም። የሆስፒታሉን ሂሳብማ እዚህ የኖረ ያውቀዋል። ስለዚህ ከዝቅተኛው ከፍ ያለ ገዛሁ፤ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ቢገጨን የሚከፍለውም ከፍ እንዲል አደረግኩ፣ መንገድ ላይ የመጎተት አገልግሎቱንም ጨመርኩበት። በትርፍ ሰዓት ኡበር የምትሠሩ ደግሞ ለኢንሹራንሱ መንገራችሁን አትርሱ። ተሳፋሪ ጭኖ የደረሰን አደጋ የግል ፖሊሲ ብዙ ጊዜ አይከፍልም።

ወደ ዴንቨር ከመነሳታችን በፊት መኪናዋን የፈተንኩት ስካይላይን ድራይቭ ላይ ነው። ከፍሮንት ሮያል ይጀምርና በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ተራሮች ጫፍ ጫፉን 105 ማይል ይሄዳል። ፍጥነቱ በሰዓት 35 ማይል ነው። ለሩቅ ጉዞ እንደሚጫነው ሁሉ ጫንን፤ ሻንጣው፣ ውኃው፣ ልጆቹ። ዳገቱና ቁልቁለቱ ስለማያልቅ መኪናው ያለበትን ድክመት ያወጣዋል። የእኛዋ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ መሪዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከቤት አንድ ሁለት ሰዓት ርቀት ላይ ይህን ማወቅ መልካም ነው። ጋሼ የፊት ዲስኮቹንና ሸራዎቹን ቀየሩልኝ።

ውስጧን ያዘጋጀነው በቀላሉ ነው። አምስት ስንሆን ከመካከለኛው ረድፍ አንዱን ወንበር እነቅላለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ማቀዝቀዣ ሳጥን፣ የልጆች ቦርሳና የታጠፈ ፍራሽ ይገባል። እናቴ ስትኖር ወንበሩን እመልሳለሁ። ፍራሹ ስንቆም ብቻ ነው የሚዘረጋው፤ መኪናው እየሄደ ማንም ያለ ቀበቶ አይተኛም። ከባዱን ዕቃ ከታች፣ ከወንበር ጀርባ አስጠግቼ አስቀምጣለሁ። ስኮርታውን፣ ክሪኩንና የጎማ መፍቻውን ሻንጣ ሳላራግፍ የማገኝበት ቦታ ላይ ነው የማደርገው።

ምግባችንን ከቤት እንይዛለን። ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ። እንጀራው በመጀመሪያው ቀን ያልቃል። ኮለምበስ ኦሃዮ ብዙ ሐበሻ ስላለ እዚያ ስንደርስ ትኩስ ወጥ በልተን፣ እንጀራ ጨምረን እንቀጥላለን። የጾም ሰሞን ከሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሀይዌይ ዳር የጾም ምግብ ማግኘት ይከብዳል።

መንገዱን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው በብሪዝውድ ገብቶ የፔንሲልቬንያን የክፍያ መንገድ ይይዛል። እኔ ከሃንኮክ፣ ሜሪላንድ፣ በሀይዌይ 68 ወደ ምዕራብ መሄዱን እመርጣለሁ። ሞርጋንታውን፣ ዌስት ቨርጂኒያ ላይ ሀይዌይ 79ን ይዤ ወደ ሰሜን ወጥቼ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ከሀይዌይ 70 ጋር እገናኛለሁ። ዳገት ይበዛዋል፤ ግን ክፍያ የለውም፣ ጭነት መኪናም ይቀንሳል። ሳይድሊንግ ሂል የተባለው ቦታ ላይ ተራራው ለመንገዱ ሲባል ተቆርጦ የድንጋዩ ንብርብር ይታያል፤ ልጆቹ ሁልጊዜ እዚያ መቆም ይፈልጋሉ። ከዚያ 70ን እስከ ዴንቨር አልለቅም።

የስልክ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚረዳ አንድ ነገር አለ። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት ዋና ዋና ሀይዌዮች ሙሉ ቁጥር፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚሄዱት ጎዶሎ ቁጥር ናቸው። በአብዛኛው ስቴት የኤግዚቱ ቁጥር ማይሉ ነው። ኤግዚት 300 ላይ ሆናችሁ የምትወጡት 250 ላይ ከሆነ 50 ማይል ቀርቷችኋል።

ፍጥነትን በጥብቅ መናገር እፈልጋለሁ። የካንሳሱ 70 በሰዓት 75 ማይል ይፈቅዳል። ሰው ያንን ለምዶ ቨርጂኒያ ይገባል። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ85 በላይ መንዳት፣ ወይም ከተፈቀደው 20 ማይል አልፎ መንዳት እንደ ተራ ቅጣት አይታይም፤ በወንጀል የሚያስጠይቅ ነው። የመኖሪያ ወረቀቱ ገና ላላለቀ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ፍጥነቱን በክሩዝ አስሬ ነው የምሄደው። ከመሸም አንነዳም። ሲመሻሽ አጋዘን መንገድ ላይ ይገባል፤ ድካሙም የሚመጣው ያኔ ነው።

ካንሳስ አሰልቺ ነው ይባላል። እኔ አልስማማም። እናቴ አብራን በሄደችበት ሰመር ስንዴው ደርሶ ነበር። ግራም ቀኝም፣ ዓይን እስከሚችለው ድረስ ወርቃማ ማሳ። እማዬ ያደገችው ገጠር ነው። መስኮቱን አስወርዳ ዝም ብላ አየች። ከብዙ በኋላ "ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ማን ያጭደዋል?" አለችኝ። ትንሽ እንደሄድን ኮምባይነሮቹ ተከታትለው ሲያጭዱ አየን። ዳር ይዞ መቆም ስለማይቻል በሚቀጥለው ኤግዚት ወጥቼ አቆምኩላት። ወርዳ አጥሩ ድረስ ሄደች፤ ልጆቹም ተከተሏት። ስለ አጨዳና ውቂያ፣ ስለ ደቦ ነገረቻቸው። በአውሮፕላን ብንሄድ ኖሮ ይህን አናገኘውም ነበር።

ዴንቨር ከደረሳችሁ በኋላ ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ብዙ ማደያ ላይ ርካሹ ቤንዚን 85 ኦክቴን ነው። መኪናችሁ 87 የሚጠይቅ ከሆነ የቀጣዩን ቁልፍ ተጫኑ። ሁለተኛ፣ ወደ ተራራው ከወጣችሁ የአይዘንሃወር ዋሻ 11 ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከ3,300 ሜትር በላይ። ወደ ዴንቨር ስትመለሱ ቁልቁለቱ ረጅም ነው። አባይ በረሃን በመኪና የወረደ ሰው ዘዴውን ያውቃል፤ ማርሽ ቀንሶ በሞተር መያዝ እንጂ ፍሬን ላይ ተኝቶ መውረድ አይሆንም። በአውቶማቲክም ይሠራል፤ የማርሽ መምረጫውን ወደ "ኤስ" ወስዶ መቀነስ ነው።

አገር ቤት ለረጅም ጊዜ ስንሄድስ? ብዙ ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ ኢንሹራንሱን ያስቆማል። ቨርጂኒያ ውስጥ ታርጋውን ለተሽከርካሪ መሥሪያ ቤቱ፣ ለዲኤምቪ፣ ሳይመልሱ ወይም ሳያሰናክሉ ኢንሹራንስ ማቋረጥ ያስቀጣል። እኔ ኢንሹራንሱን አላቋርጥም። ጎማዎቹን በልኩ አስነፍቼ፣ ታንኩን ሞልቼ፣ ቁልፉን ለጎረቤቴ እሰጠዋለሁ። በሳምንት አንዴ ግማሽ ሰዓት ያህል ሀይዌይ ላይ ይነዳታል። ሞተሩን አስነስቶ እንደቆመች መተው ባትሪውን በደንብ አይሞላውም። ጎረቤት የሌለው ሰው የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቶ መሄድ ይችላል። ሲመለስ ግን ኢንስፔክሽን ከመውሰዱ በፊት ለጥቂት ቀናት ይንዳት፤ ባትሪው ስለተነቀለ የጭስ ምርመራው ማሽን "ፍተሻው አልተጠናቀቀም" ብሎ ይመልሰዋል።