ዋናው ሳይነካ፦ በሟች ባለቤት ስም ስኮላርሺፕ ማቆም

አሜሪካ በሚኖሩ የእኛ ሰዎች ቤት፣ አርባው ወጥቶ ሙት ዓመቱ ሲቃረብ «ለስማቸው ምን እናድርግ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ከተዝካሩና ለቤተ እምነት ከሚሰጠው ሌላ፣ በባለቤታቸው ስም ኮሌጅ ውስጥ ስኮላርሺፕ ማቆም የሚፈልጉ አሉ። ሟች በሕይወት ሳሉ የማያውቁት ልጅ በስማቸው መጽሐፍ ገዝቶ ሲማር ማየት ትልቅ መጽናኛ ነው። ሆኖም ወረቀቱ በጥድፊያ ከተፈረመ፣ ገንዘቡ እያለ ተማሪ የማያገኝ ፈንድ ሆኖ ይቀራል።

ኢንዶውመንት የሚባለው ዋናው ገንዘብ ሳይነካ ኢንቨስት ተደርጎ፣ በየዓመቱ ከፊሉ ብቻ ወጪ የሚሆንበት ፈንድ ነው። ብዙ ኮሌጆች በዓመት ከ4 እስከ 5 በመቶ ያወጣሉ። ገበያው በወረደ ቁጥር የተማሪው ድርሻ እንዳይዋዥቅ፣ ስሌቱ ብዙውን ጊዜ ባለፉት ሦስት ዓመታት ገደማ አማካይ ዋጋ ላይ ይሠራል። 25,000 ዶላር በ4 በመቶ ለተማሪ የሚያስገኘው በዓመት 1,000 ዶላር ነው፤ 50,000 ቢሆን 2,000። ይህን ቀድሞ ያላሰላ ቤተሰብ «ይህን ሁሉ ሰጥተን ለአንድ ሴሚስተር እንኳ አይሞላም» ብሎ ቅር ይለዋል።

ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። ፋውንዴሽኑ (ለኮሌጁ የሚሰጠውን ስጦታ ተቀብሎ የሚያስተዳድረው ድርጅት) በየዓመቱ የአስተዳደር ክፍያ ይቆርጣል ወይ? የመጀመሪያው ተማሪ መቼ ያገኛል? (ብዙ ቦታ ገንዘቡ አንድ ዓመት ሙሉ ኢንቨስት ሆኖ መቆየት አለበት።) የፈንዱ ዋጋ ከሰጡት በታች ቢወርድስ? እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቶ ከፔንሲልቬንያ በስተቀር ሁሉም ክፍለ ግዛቶች የተቀበሉት ሕግ፣ በጥንቃቄ እስከሆነ ድረስ ያኔም ወጪ ማድረግን ይፈቅዳል። ኮሌጁ ግን በራሱ ደንብ ሊያቆመው ይችላል። ለእንደዚያ ያለው ዓመትና ፈንዱ እስኪበስል ለሚጠበቅበት ጊዜ፣ ከዋናው ለይቶ በዓመት 1,000 ዶላር በቀጥታ ለተማሪ እንዲሰጥ ማድረግ ጥሩ መላ ነው።

ኮሌጅ ሲመርጡ ስሙ የገነነውን ብቻ አይዩ። በትልልቅ የግል ዩኒቨርሲቲዎች 1,000 ዶላር ከክፍያው ብዛት አንጻር አይታይም፤ መነሻው መጠንም ከፍ ይላል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (ክፍያው ዝቅ ያለ የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ውስጥ ግን የሴሚስተር መጽሐፍና መጓጓዣ ይሸፍናል፤ ቀን እየሠራ ማታ የሚማረውን ልጅ ትምህርቱን ከማቋረጥ ያድነዋል። በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ በቨርጂኒያ ደግሞ ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ)፣ ስጦታ የሚቀበል ፋውንዴሽን አላቸው። የሚያነጋግሩት የተማሪዎች ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮን ሳይሆን ፋውንዴሽኑን ነው። አነስተኛውን መጠንና በስንት ዓመት ተከፍሎ ማለቅ እንዳለበት ይነግሩዎታል፤ እስከ አምስት ዓመት የሚሰጡ ብዙ ናቸው።

ዋናው ሥራ ስምምነቱ ላይ ነው። ገንዘቡ ከታክስ እንዲቀነስልዎ ከፈለጉ ተማሪውን እርስዎ መምረጥ አይችሉም፤ ለእህትዎ ልጅ ታስቦ የተሰጠ ገንዘብ በአይ አር ኤስ (በፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) ዘንድ እንደ በጎ አድራጎት አይቆጠርም። ብዙዎችን የሚያሳዝነው ሌላው ነጥብ፣ «ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ብቻ» የሚለው መስፈርት ነው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ በሚያገኙ ተቋማት በትውልድ አገር መለየትን ስለሚከለክል፣ ኮሌጁ ይህን አይቀበልም። በምትኩ «ከቤተሰቡ ኮሌጅ በመግባት የመጀመሪያ የሆነ»፣ «ሥራ እየሠራ የሚማር» ወይም «ከዚህ ካውንቲ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ» ማለት ይቻላል። ከዚያ በየዓመቱ የማመልከቻው ጊዜ ሲከፈት በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በእድርና በአማርኛ ሬዲዮ ማስነገር የእርስዎ ፋንታ ነው። ልጆቻችን የማያገኙት አብዛኛውን ጊዜ ስላላመለከቱ ነው።

መስፈርት በበዛ ቁጥር አመልካች ይጠፋል። ባለቤትዎ ነርስ ከነበሩ «ለነርሲንግ ተማሪዎች ብቻ፣ ውጤት ከ3.8 በላይ» ብሎ መዝጋት ትልቅ ስሕተት ነው። እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «ቅድሚያ ለነርሲንግ ተማሪ፤ በዓመቱ ብቁ አመልካች ከሌለ ለሌላ የጤና ትምህርት ተማሪ።» ለሚሠራ ተማሪ 2.5 በቂ ነው። ትምህርት ክፍሉ ቢዘጋ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግባ። በተጨማሪም ኮሌጁ ለተማሪው ይሰጠው የነበረውን የራሱን እርዳታ በዚሁ ስኮላርሺፕ ልክ እንዳይቀንስ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሜሪላንድ ይህን ለመንግሥት ኮሌጆች በ2017 በሕግ ገድባለች፤ እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት ቦታ ግን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስሙን በቀላሉ አይለፉት። ፀሐይ፣ ጽጌ ወይም ኃይለ የሚሉ ስሞች በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ይጻፋሉ። ፓስፖርቱ ላይ አንድ፣ ዲፕሎማው ላይ ሌላ፣ የሐዘን ማስታወቂያው ላይ ሦስተኛ ሆኖ ይገኛል። የኮሌጁ መዝገብ ደግሞ የአባትን ወይም የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስዶ ፈንዱን በዚያ ያስቀምጠዋል። ልጆች ከተስማሙበት በኋላ አንዱን አጻጻፍ ይምረጡ፤ ስሙ የትኛውም ሳይቆረጥ ሙሉውን እንዲታተም በስምምነቱ ያስጽፉ።

ገንዘቡን ከየት እንደሚያወጡ ደግሞ ከሒሳብ ባለሙያ ጋር ይመካከሩ። ትልቁ ጥፋት፣ ዋጋው የጨመረን ስቶክ ሸጦ ጥሬ ገንዘቡን መስጠት ነው፤ ስቶኩን ራሱን ቢያስተላልፉ በትርፉ ላይ ታክስ አይከፍሉም። እንደ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ባሉ ቦታዎች፣ በጋራ የያዛችሁት ስቶክ ሲሆን፣ በባለቤትዎ ሞት የመነሻ ዋጋው (ትርፉ የሚሰላበት የግዢ ዋጋ) ወደ ሞቱበት ቀን ዋጋ የሚታደሰው ለግማሹ ብቻ ነው። በ10,000 ተገዝቶ በሞቱበት ቀን 40,000 ካወጣ፣ የእርስዎ ግማሽ መነሻው 5,000፣ የእሳቸው ግማሽ 20,000 ይሆናል። ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስና ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ግን የጋራ የትዳር ንብረት በሙሉ ይታደሳል፤ ስለዚህ በዚያ ስቶክ የመስጠት ጥቅም ይቀንሳል። ዕድሜዎ ከ70 ዓመት ተኩል ካለፈ ከአይ አር ኤ (ከጡረታ ቁጠባ ሒሳብዎ) በቀጥታ ለኮሌጁ መላክ ይችላሉ፤ ያኔ ገንዘቡ ታክስ የሚከፈልበት ገቢ ሆኖ አይቆጠርብዎትም፤ የ2025 ጣሪያው 108,000 ዶላር ነበር። ቼኩ በእርስዎ ስም ከወጣ ግን ጥቅሙ ይቀራል።

ዘመድና ጓደኛም ልርዳ ሲል በግል ስም ጎፈንድሚ አይክፈቱ። ሰጪዎቹ ከታክስ መቀነስ አይችሉም፤ ገንዘቡም በእርስዎ በኩል ካለፈ ደረሰኙ በእርስዎ ስም ይወጣል። ፋውንዴሽኑ ለፈንዱ የራሱ የመክፈያ ገጽ እንዲያወጣ ጠይቀው በለቅሶው ማስታወቂያ ላይ እሱን ያስገቡ። ሠራተኛ ለሚሰጠው ያህል የሚጨምሩ መሥሪያ ቤቶችም ስላሉ፣ እያንዳንዱ ሰጪ አሠሪውን ይጠይቅ።

በመጨረሻ፣ ኮሌጁ በየዓመቱ የፈንዱን ዋጋና ገንዘቡ ለስንት ተማሪ እንደተሰጠ የሚገልጽ ሪፖርት፣ ብዙ ጊዜም የተማሪውን የምስጋና ደብዳቤ ይልካል። የሚላከው ወደ አንድ አድራሻ ብቻ ከሆነና ያ አድራሻ የእርስዎ ከሆነ፣ ከእርስዎ በኋላ ደብዳቤው ተመላሽ ይሆናል። የሁለት ልጆችን ወይም የወንድምና የእህት አድራሻ አሁኑኑ ያስመዝግቡ።