ሰማያዊ እንቁላል የሚጥሉት ዶሮዎቼ እና የሦስት ዓመት ደብተራቸው

ከዶሮዎቹ ቤት በር ጀርባ አንድ ደብተር በሲባጎ ተንጠልጥሏል። ማታ ማታ ስንት እንቁላል እንዳነሳሁና የማን እንደሆነ እጽፍበታለሁ። ሦስት ዓመት አለፈው። ገጾቹ በዝናብ ጠብታ አብጠዋል፤ እዚህ አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ ዝናብ የማይነካው ነገር የለም። «ሰማያዊዎቹ ስንት ይጥላሉ? እኔም ልጀምር እንዴ?» የሚሉኝ ጓደኞቼ ስለበዙ፣ ደብተሩን ገልጬ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የጀመርኩት በ2022 እ.ኤ.አ. ጸደይ ላይ ነው። ከተማችን በአንድ ግቢ እስከ 8 ዶሮ ይፈቅዳል፤ አውራ ዶሮ ግን ክልክል ነው። ሰባት ጫጩት ያዝኩ። ሁለቱ ክሪም ሌግባር የሚባል፣ ሰማያዊ እንቁላል የሚጥል ዘር ናቸው። ሁለቱ ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ አርቢ የገዛኋቸው አሜራውካና ናቸው፤ ይህም ሰማያዊ የሚጥል ዘር ነው። ሌሎቹን ሁለቱን ከአንድ የመኖ መደብር አመጣሁ፤ ሳጥናቸው ላይ «አሜራውካና» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ሰባተኛዋ ነጭ ሌግሆርን የምትባል፣ ነጭ እንቁላል የምትጥል ዘር ናት። እሷን የጨመርኩት ማወዳደሪያ እንድትሆነኝ ብዬ ነው፤ ጥሩም አደረግሁ።

ጎጃም ላለችው እናቴ በስልክ ስነግራት «ሰማያዊ? ምን አብልተሻት ነው ልጄ?» አለችኝ። ነገሩ ከመኖ ሳይሆን ከዘር የመጣ ነው። ከታወቁት ምንጮች አንዱ የቺሊ የማፑቼ ሕዝብ ሲያረባቸው የኖሩት ዶሮዎች ናቸው። ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ቫይረስ የዶሮው ዘረመል ውስጥ ገብቶ እዚያው ቀረ። በዚህ የተነሳ ቢሊቨርዲን የሚባል ቀለም ቅርፊቱ ሲሠራ አብሮ ይገባል። ተመራማሪዎች ይህን ያሳዩት በ2013 ነው። ሰማያዊ እንቁላል ስትሰብሩ ቅርፊቱን ገልብጣችሁ እዩት፤ ውስጡም ሰማያዊ ነው። የቡኒ እንቁላል ቀለም ግን መጨረሻ ላይ ከላይ የሚቀባ ስለሆነ ውስጡ ነጭ ነው። ሰማያዊው ላይ ቡኒ ሲቀባበት አረንጓዴ ይሆናል። ጣዕሙ ላይ ግን ምንም ለውጥ የለም።

ከመደብሩ የመጡት ሁለቱ ሲያድጉ እግራቸው አረንጓዴ እያለ መጣ። የእውነተኛ አሜራውካና እግር ግራጫ ነው። ላባቸውም ገብስማና ቀይ የተቀላቀለበት ሆነ። አንደኛዋ አረንጓዴ እንቁላል ጣለች፤ ሌላዋ ደግሞ ሐምራዊ የሚታይበት ፈዛዛ ቡኒ። እነዚህ ኢስተር ኤገር የሚባሉ ድቅሎች ናቸው። ጠንካራና ጥሩ ጣዮች ናቸው፤ እወዳቸዋለሁ። ግን ሰማያዊ እንቁላል ፈልጎ ገንዘብ ለከፈለ ሰው በሌላ ስም መሸጥ ትክክል አይደለም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የወላጆቹን እንቁላል አሳዩኝ በሉ። ደህና አርቢ ደስ ብሎት ያሳያችኋል።

የመጀመሪያው ዓመት ትልቁ ስህተቴ የጊዜ ነበር። ጫጩቶቹን የወሰድኩት ሚያዝያ ላይ ነው። ሌግሆርኗ በ19ኛው ሳምንት ጀመረች። ሌግባሮቹ በ23ኛው ሳምንት፣ መስከረም ላይ ተከተሏት። አሜራውካናዎቹ ግን ዘግይተው የሚደርሱ ዘር ናቸው። ለመጣል መድረሳቸውን የሚያሳየው የጉንጫቸው መቅላት የመጣው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ብርሃኑ አልቋል። ዶሮ እንቁላል በደንብ እንድትጥል በቀን 14 ሰዓት ያህል ብርሃን ትፈልጋለች። አገራችን ላይ ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊባል ምንም አይቀረውም። ሲያትል ግን ዲሴምበር ላይ ቀኑ 8 ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ሁለቱ ቄቦች እስከ ፌብሩዋሪ ድረስ አንድም ሳይጥሉ ቀለባቸውን በሉ። አሁን የሚጠይቀኝን ሁሉ «አሜራውካና ከሆነ የምትፈልገው፣ ጫጩቷን በፌብሩዋሪ ወይም በማርች መጀመሪያ ያዝ» እለዋለሁ። ያኔ ብርሃኑ ሳያልቅ ትደርሳለች።

እያንዳንዷ የመጀመሪያ እንቁላሏን ከጣለችበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ቆጠርኩ። ሌግሆርኗ 274 ጣለች። አረንጓዴ የምትጥለዋ ኢስተር ኤገር 212፣ እህቷ 205። ሁለቱ ሌግባሮች አንድ ላይ 361፣ ማለትም በነፍስ ወከፍ 180 ገደማ። ሁለቱ አሜራውካናዎች ደግሞ አንድ ላይ 287። እንግዲህ አንዷ ሌግሆርን የሁለቱን አሜራውካናዎች ያህል ልትጥል ምንም አልቀራትም። መኖው ግን ለሁሉም በቀን 110 ግራም አካባቢ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቀለሙ እንቁላል የሚቀንስ ይመስለዋል። አይቀንስም። ሰማያዊውን የሚያመጣው አንድ ዘረመል ብቻ ነው፤ ያውም ከአንድ ወላጅ መምጣቱ ብቻ ይበቃል። አሜራውካና የምታንሰው አርቢዎቿ ለብዙ ትውልድ የመረጧት በጢሟ፣ በላባዋና በቁመናዋ ስለሆነ ነው። ሌግሆርን የተመረጠችው በእንቁላሏ ብዛት ነው። ሌግባርን ያወጡት ፐኔት እና ፒዝ የተባሉ የእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ተመራማሪዎች በ1930ዎቹ ሌግሆርንን፣ ባርድ ፕሊማውዝ ሮክንና የቺሊ ደም ያለባትን ዶሮ አዳቅለው ነው። በእንቁላል ብዛት መሃል ላይ የተገኘችውም ለዚህ ይመስለኛል። ሌላም ትልቅ ጥቅም አላት፤ የሌግባር ጫጩት በተፈለፈለች ቀን ሴትነቷ ይታወቃል። ሴቷ ጀርባዋ ላይ ጥቁር መስመር አላት፤ ወንዱ አናቱ ላይ ነጣ ያለ ነጥብ አለው። አውራ ዶሮ በተከለከለበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ተመሳሳይ ቀለም የሚጥሉ ሁለት ዶሮዎች ሲኖሩ የትኛዋ እንዳቆመች ማወቅ ያስቸግራል። አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ ያስተማሩኝ ዘዴ አለ። ማታ ቆጥ ላይ ሲወጡ ከኋላዋ፣ እንቁላሉ በሚወጣበት በኩል ትንሽ ሊፕስቲክ መቀባት ነው። በማግስቱ ሰማያዊው ቅርፊት ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ታገኛላችሁ። አንደኛዋ ሌግባር አቁማለች ብዬ ደብተሩ ላይ ሦስት ሳምንት ባዶ ስጽፍላት ከርሜ ነበር። ሊፕስቲኩን ከቀባኋት በኋላ ሳጥኑ ውስጥ ምንም የለም። ግቢ ስለቃት ተከተልኳት። አጥር ስር ካለው የእንጆሪ ቁጥቋጦ ገባች። እጄን እሾህ እየቧጨረኝ ስገባ 17 እንቁላል ተደርድሮ አገኘሁ፤ የላይኛው ገና ይሞቃል፣ ቀዩም መስመር አለበት። ከዚያ ወዲህ እስከ ረፋድ አለቃቸውም። አብዛኞቹ ጠዋት ሳጥናቸው ውስጥ ጥለው ይጨርሳሉ።

ሁለተኛው ስህተቴ የእንጀራው ነው። የቀረ እንጀራና ድርቆሽ ሲያዩ ይሯሯጣሉ፤ እኔም ልቤ አይችልም ነበር። በበጋው ሰማያዊዎቹ እንቁላሎች ቅርፊታቸው እየሳሳ መጣ። አንዱን ሳነሳው አውራ ጣቴ ሰምጦ ገባ። የጣይ ዶሮ መኖ 16 በመቶ ያህል ፕሮቲንና በቂ ካልሲየም ተመጥኖ የተሠራ ነው። በእንጀራ ሲጠግቡ ያንን ይተዉታል። አንድ ቅርፊት ብቻ 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይወስዳል። እንጀራውን ወደ አንድ እፍኝ፣ ያውም ማታ፣ አወረድኩት። ለካልሲየሙ ብዬ የተፈጨ የኦይስተር (የባሕር ዛጎል) ቅርፊት በተለየ ሳህን አስቀመጥኩላቸው፤ የፈለገችው ትለቅማለች። በሁለት ሳምንት ቅርፊቱ ጠነከረ።

አንደኛዋ አሜራውካና ሰኔ ላይ ልታቀፍ ቁጭ አለች። አውራ ዶሮ ስለሌለ እንቁላሉ አይፈለፈልም። በራሷ ትነሳለች ብዬ ተውኳት፤ ደብተሩ ላይ 35 ቀን ባዶ ሆነ። እናቴ «ላባ በአፍንጫዋ አሳልፊባት፤ አይሆንም ካልሽ ለጥቂት ቀን ለጎረቤት ስጫት» አለችኝ። የላባውን ነገር አልደፈርኩትም። ቦታ መቀየሩ ግን ትክክለኛ ምክር ነው። በቀጣዩ ዓመት ስትታቀፍ ወለሉ ሽቦ የሆነ፣ ከስር ነፋስ የሚገባው ጎጆ ውስጥ ከመኖና ከውሃ ጋር አስቀመጥኳት። በሦስተኛው ቀን ረሳችው።

ስለ መብራት ብዙ አስቤበታለሁ። በመጀመሪያው ክረምት ምንም አላበራሁም። በሁለተኛው ከጥቅምት ጀምሮ ቀኑ 14 ሰዓት እስኪሞላ ሰዓት ቆጣሪ ያለው አምፖል ንጋት ላይ አበራሁላቸው። ማታ ቢሆን መብራቱ ድንገት ሲጠፋ ቆጥ ላይ ሳይወጡ ይቀራሉ። እንቁላሉ ጨመረ፤ ግን ላባቸውን እየቀየሩ ባሉበት ወቅት ስለሆነ የከሱ መሰለኝ። አሁን ያሉበትን ሥርዓት የሰጠኝ የቤታችን ጾም ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ እኛም እንቁላል አንበላም፤ እነሱም ያርፋሉ፣ ላባቸውን ይሠራሉ። ገና ካለፈ በኋላ መብራቱን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመርኩ አበራለሁ። አሜራውካናዎቹ ላይ ለውጡ ጎልቶ ታየ፤ ፌብሩዋሪን ሳይጠብቁ ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ጀመሩ። ከረፍት በኋላ የሚጣሉት የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ቀለማቸው ከሁሉም የደመቀ ነው። እስከ መከር ድረስ እየፈዘዘ ይሄዳል።

ችግሩ፣ ምርቱ ጣሪያ የሚነካው ልክ ዐቢይ ጾም ላይ መሆኑ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ በቀን አራት አምስት እንቁላል እየገባ ቤታችን ውስጥ የሚበላው የለም። በ2025 ማርች የአንድ ደርዘን እንቁላል አማካይ ዋጋ እዚህ አገር ከ6 ዶላር ሲያልፍ፣ የኛን ለጎረቤት አደልን። የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳምንታት ሳላጥብ፣ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጌ ፍሪጅ አስቀመጥኩ። ያልታጠበ እንቁላል ከላዩ ያለው የተፈጥሮ ሽፋን ስለሚጠብቀው ብዙ ይቆያል።

በሦስተኛው ዓመት ሌግሆርኗ 211፣ ሌግባሮቹ 268፣ አሜራውካናዎቹ 229 ላይ ናቸው። ሕጉ የሚፈቅድልኝ አንድ ቦታ ቀርቶኛል። ለማርች መጀመሪያ አንዲት ጫጩት አስይዣለሁ፤ አባቷ ሌግባር፣ እናቷ ነጭ ሌግሆርን። አርቢው የእህቶቿን እንቁላል ሳጥን ሙሉ አሳይቶኛል። ሁሉም ሰማያዊ ነው። ደብተሩ ላይ ስምንተኛውን ዓምድ አስምሬላታለሁ።