ነጠላ ከፎቶ ላይ ሲቆረጥ

ፎቶሾፕ ለሚጀምር የዲዛይን ተማሪ ከነጠላ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም። ሁሉም ከፎቶ ላይ ቆርጦ ማውጣት የሚፈራው ፀጉርን ነው፤ ነጠላ ግን ይብሳል። ቢጫ ግድግዳ ፊት ቆማ የተነሣች ሴት ለበዓል ፖስተር አረንጓዴ መደብ ላይ ትቀመጥ ቢባል፣ ጨርቁ ስስ ነውና ቢጫው አብሯት ይመጣል።

የጀማሪ እጅ ቶሎ የሚሮጠው ወደ ኢሬዘር፣ ወደ ማጥፊያው፣ ነው። ኢሬዘር ያጠፋው ፒክሰል (ፎቶው የተሠራበት ነጥብ) ፋይሉ ሴቭ ተደርጎ ከተዘጋ በኋላ አይመለስም። ማስክ፣ ሌየር (የፎቶ ንብርብር) ላይ የሚደረበው መሸፈኛ፣ ግን ይደብቃል እንጂ አያጠፋም። መጀመሪያ ኮንትሮልና ጄ ተጭኖ ሌየሩን ማባዛት፣ የታችኛውን የዓይን ምልክቱን ጠቅ አድርጎ መሰወር። ከዚያ በመምረጫው መሣሪያ በኩዊክ ሴሌክሽን ሴትዮዋን መርጦ ከሌየሮቹ ሥር ያለችውን የማስክ ምልክት መጫን።

ማስክ ላይ ጥቁር ይደብቃል፣ ነጭ ይገልጣል፣ ግራጫ ያሳሳል። ነጠላ የሚፈልገው ግራጫውን ነው። ዲ ሲጫኑ ቀለሞቹ ጥቁርና ነጭ ይሆናሉ፤ ኤክስ ያቀያይራቸዋል። የብራሹን ኦፓሲቲ (የቀለሙን ድፍንነት) 20 በመቶ አድርጎ በጥቁር ስሱን ቦታ መንካት ነው። ማውሱን ሳይለቁ ቢመላለሱበት ለውጥ የለም፤ ለቅቆ እንደገና ሲጫኑ ነው እየሳሳ የሚሄደው። ጨርቁ በተደራረበበት ትከሻ ላይ ሁለት ጊዜ መንካት ይበዛል። ጥለቱ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ምንም አይነካም፤ ጥለት አሳስቶ መሥራት ነጠላ አይቶ የማያውቅ ሰው ሥራ ያስመስላል።

ፊቷ ላይ ጥቁር ቀለም ከፈሰሰ የተመረጠው ማስኩ ሳይሆን ፎቶው ነው ማለት ነው። ኮንትሮልና ዜድ፣ ከዚያ የማስኩን ትንሿን ሥዕል ጠቅ። በትንሿ ሥዕል ዙሪያ ነጭ ክፈፍ ሳይታይ ብራሽ አይነሣም።

የቀረው ቢጫ በማስክ አይለቅም። ከላይ ባዶ ሌየር ከፍቶ፣ በሁለቱ ሌየሮች መሃል አልት ይዞ ጠቅ በማድረግ ከሴትዮዋ ጋር ማያያዝ፣ ሞዱን (ከሥሩ ካለው ጋር የሚዋሐድበትን መንገድ) ከለር ማድረግ፣ ግራጫ መቀባት። ቢጫው ይጠፋል፤ የጨርቁ ጥላና ብርሃን እንዳለ ይቆያል።

ፎቶው በቴሌግራም በፎቶነት ከተላከ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ረጅም ጎኑ ብዙ ጊዜ 1280 ፒክሰል ሆኖ ይደርሳል፤ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም 11 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ የኤ4 ረጅም ጎን ደግሞ 3508 ፒክሰል ይፈልጋል። መጠኑ ይቅርና፣ መጭመቁ በነጩ ጨርቅ ጠርዝ ላይ ትናንሽ ካሬ ቆሻሻ ይተዋል፤ ኩዊክ ሴሌክሽን ያንኑ ከነጠላው ጋር ይቆጥረዋል። ላኪው በፋይል መልክ እንዲልክ አስቀድሞ መንገር፣ ሥራውንም ጄፔግ ሌየር ስለማይዝ በፒኤስዲ፣ በፎቶሾፕ የራሱ ፋይል፣ ማስቀመጥ።