ያገለገሉ ጎማዎች

የግል ጋዜጣ ላይ ካርቱን ይሥል የነበረ ሰው «ማን ነበር የሚያስቸግርህ?» ሲባል ሁሉም የሚጠብቀው መልስ አንድ ነው፦ መንግሥት። ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ቅር እንደሚለው አውቃለሁ፤ እኔን ግን በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ከማንም በላይ ያንገበገበኝ የጨረታ ማስታወቂያ ነው።

ጊዜው 1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ጋዜጣችን ሳምንታዊ ነበር። ዓርብ ማታ ገጹ ተዘግቶ ማተሚያ ቤት ይገባል፣ ቅዳሜ ጠዋት አዟሪዎች እጅ ላይ ነው። የእኔ ቦታ የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ነው፤ ሦስት ሳጥን፣ ከዳር እስከ ዳር። ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም እሠራና ስካን ይደረጋል፣ ከዚያ ፔጅሜከር በሚባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ ይቀመጣል። ንግግሩን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። በፓወር ግዕዝ፣ በኮምፒውተር ፊደል፣ የተጻፈ ንግግር ሰው አፍ ላይ ሲገባ ከመሥሪያ ቤት የወጣ ደብዳቤ ይመስላል፣ በዚህ እስከ ዛሬ ድርድር የለኝም።

የዚያ ሳምንት ሥራ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። መጀመሪያው ሳጥን ላይ አንድ ጎልማሳ ቀበሌ መስኮት ፊት ቆሟል፤ ጸሐፊው ከመዝገቡ ቀና ሳይል «ነገ ተመለስ» ይለዋል። ሁለተኛው ላይ የሰውዬው ጢም ደረቱ ደርሷል፣ ከዘራ ይዟል፣ ጸሐፊውም መላጣ ሆኗል፤ አሁንም ቀና ሳይል «ነገ ተመለስ»። ሦስተኛው ላይ የባለጉዳዩ ልጅ መጥቶ ቆሟል። መስኮቱ ውስጥ ደግሞ የጸሐፊው ልጅ ተቀምጦ «ባለጉዳዩ ራሳቸው መቅረብ አለባቸው» ይላል። ከበስተኋላው ግድግዳ ላይ የሟች አባቱ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ፎቶው ውስጥም ቀና አላለም። ያቺን ጥፍር የምታህል ፎቶ ስንት ጊዜ ደምስሼ እንደሣልኳት እኔ ነኝ የማውቀው።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ኪሎ የመውረድ ልማድ ነበረኝ። ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚያነበውን ሰው ከጎን ማየት ነው ሥራዬ፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ ከንፈሩ ይነቃነቅ እንደሆነ። አንዱን ስጠብቅ ቆየሁና ገጹን ገለጠ። ሁለት ሳጥን። ሦስተኛዋ በነበረችበት ቦታ ወፍራም ክፈፍ ተበጅቶለት «ያገለገሉ ጎማዎችና ቁርጥራጭ ብረታ ብረት ሽያጭ ጨረታ ማስታወቂያ»። ተጫራቾች ሰነዱን የማይመለስ ብር ከፍለው መውሰድ ይችላሉ። ልጁ ካርቱኑን አየ፣ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ጎማውንም በጥሞና አነበበ።

ሰኞ በጠዋት ገጹ የሚደረደርበት ሌይአውት ክፍል ገባሁ። ሌይአውት ሠሪያችን በዕድሜ አባቴ ናቸው፤ ሥራውን የጀመሩት የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየተለቀመ በሚደረደርበት ዘመን ነው። አንድ ዜና ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚፈጅ ማስመሪያ ሳይዙ ይነግሩሃል። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው፣ ዋና አዘጋጁም ጭምር።

«ጋሼ፣ ሦስተኛዋ ሳጥን የት ሄደች?»

«ማታ ማስታወቂያ መጣ።» ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነው።

«ሦስቱንም አሳንሰው ማስገባት አይቻልም ነበር?»

«ሳሳንሰው ፊደልህ አይነበብም። ሉና ሊ አይለይም።»

ይህ እውነት ነው፤ የላቲን ፊደል ሲያንስ ያንሳል እንጂ አይጠፋም፣ የእኛ ግን እግሩና ቅጥሉ ነው ቶሎ የሚበላው። ስለዚህ ሌላ መንገድ ያዝኩ።

«እሺ፣ ከቆረጡ አይቀር የመጀመሪያዋን አይቆርጡም? ቀልዱ እኮ ያለው ሦስተኛዋ ላይ ነው!»

አሁን ገና ዞር አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ። «እዚያ ነበር እንዴ? እኔ እኮ ሁለተኛው ላይ ነው የሳቅሁት።»

ይህቺን ዓረፍተ ነገር ይኸው እስከ ዛሬ እያላመጥኳት ነው። ቢያላግጡብኝ ኖሮ መጣላት ይቻል ነበር፣ ግን የምራቸውን ነው። እንዲያውም ትንሽ የደነገጡ ነው የመሰሉኝ፣ ገና አሁን ሌላ ቀልድ እንዳለ የሰሙ። ምን ትላለህ? «አይ ጋሼ፣ የሳቁት ያለ ቦታው ነው» ይባላል? አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ከዚያ ስልኩ ጀመረ። የመጀመሪያው ደዋይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሦስተኛውን አስነሡብህ፣ አይደል?» አለኝ። ማንም አላስነሣብኝም፣ ጎማ ነው ልለው ስል «በቃ በቃ፣ በስልክ አይወራም» ብሎ ዘጋው። ቅድመ ምርመራ በ1985ቱ የፕሬስ ሕግ ቀርቷል ብዬ ማንን ላሳምን? ሌላው ደብዳቤ ጻፈ፤ ካርቱኑ «ነገ ተመለስ» ብሎ አንባቢውንም መስኮቱ ላይ ገትሮት መሄዱ እንዴት ያለ ብልሃት እንደሆነ ገጽ ሙሉ ተንትኗል። ትንታኔው ከእኔ ካርቱን ይሻላል። አንድ የማላውቀው ሰው ደግሞ ፒያሳ ማኪያቶዬን ከፍሎልኝ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ። ዋና አዘጋጁ እርማት እናውጣ ወይ ብዬ ስጠይቀው እንደ ዕብድ ነው ያየኝ። «ምን ብለን? "ባለፈው ሳምንት ያሳቅናችሁ በስህተት ነው" ብለን?»

እልሁ አልበረደልኝም። ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ስለ ውጭ ካርቱኒስቶች የተጻፈ ነገር እያተምኩ መሰብሰብ ያዝኩ፤ ማስረጃ ፍለጋ ነው። ቢል ዋተርሰንን ያገኘሁት ያኔ ነው። አሜሪካ ውስጥ የእሑዱ ካርቱን የላይኛው ረድፍ ቦታ ሲጠብብ እንዲጣል ታስቦ ነው የሚሣለው፤ ሠዓሊው ያ ረድፍ ቢቀርም ባይቀርም ታሪኩ እንዳይጎድል አድርጎ ይጀምራል። ዋተርሰን ይህ አንገሸገሸው። እ.ኤ.አ. በ1992 ከረጅም ዕረፍት ሲመለስ የእሑዱ «ካልቪን ኤንድ ሆብስ» ግማሽ ገጽ ሙሉ፣ ሳይቆረጥ ሳይሸራረፍ ይወጣል አለ፣ አዘጋጆች እያጉረመረሙም ቢሆን ወጣለት። ወረቀቱን ይዤ ሌይአውት ክፍል ገባሁ።

ጋሼ አንብበው ሲጨርሱ «ስንት ጋዜጣ ላይ ነበር የሚወጣው?» አሉኝ።

«ከሁለት ሺህ በላይ።»

«አንተስ?»

ዝም አልኩ።

«አንድ» አሉ በእኔ ፈንታ። «እሱም ማስታወቂያ ካልመጣ።»

ይባስ ብሎ ከወረቀቶቼ መሀል ስለ ቻርለስ ሹልዝ የሚያወራውን መዘዙ። የሹልዝ ካርቱን «ፒናትስ» እ.ኤ.አ. በ1950 በሰባት ጋዜጦች ሲጀመር ለአዘጋጆች የተሸጠው ቦታ ቆጣቢ ተብሎ ነው። አራቱ ሳጥኖች እኩል ስለሆኑ ጎን ለጎንም፣ ወደ ታችም፣ ሁለት በሁለትም ይደረደራሉ። ጋሼ ያቺን አንቀጽ በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ «ይሄ ነው ሥራ የሚያውቅ!» አሉ። ሹልዝ ሃምሳ ዓመት ገደማ ምን እንደሣለ አልጠየቁም። የሳጥኑ ልክ በቃቸው።

ከዚያ ወዲህ ዘዴ ቀየርኩ። ቀልዱን ሁለተኛው ሳጥን ላይ አደርግና ሦስተኛውን ቢቆረጥም የማይቆጨኝ ነገር እሞላበታለሁ፤ አንድ ሰው ትከሻውን ሲነቀንቅ፣ ወይ ድመት ስታልፍ። ጋሼ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አልቆረጡብኝም! ሦስተኛዋ ሳጥን በየሳምንቱ ሠርጉ አልቆ እንደማይሄድ እንግዳ እዚያው ተገትራ ትወጣለች። ዋና አዘጋጁም «ምነው መጨረሻህ ይልፈሰፈሳል?» ማለት ጀመረ። ቅር ያላቸው ብቻ ሳይሆኑ፣ ከቀልድ የሚበልጥ ጥበብ ያዩባት አንባቢዎችም ነበሩ። ድመቷን «ሕዝቡ ነች» ያለኝ አለ።

ጋዜጣው በወረቀትና በኅትመት ዋጋ ተንገዳግዶ ተዘጋ፣ እኔም እንደ ሌላው ወደ ስልክ ገባሁ። አሁን ጨረታ አይቆርጠኝም። የሚቆርጠኝ አንባቢው ራሱ ነው፤ መጀመሪያ የሚሄደው ፊርማዬ ነው፣ ከዚያ ንግግሩን ነጭ ቀብተው የራሳቸውን ይጽፉበታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኒውዮርክ ታይምስ ከዓለም አቀፍ እትሙ የፖለቲካ ካርቱንን ጭራሹኑ ሲያስቀር ባልደረቦቼ ሁሉ ሐዘን ተቀምጠው ነበር። እኔ ደግሞ ቢያንስ በመግለጫ ነው ያሰናበቱት አልኩ። እኛ በጎማ ነው።

በቅርቡ ያቺ ባለ ሁለት ሳጥን ካርቱን ፌስቡክ ላይ መጣችብኝ። ፎቶ ተነሥታ፣ ፊርማዬ ተቆርጦ፣ ጎማውም ተቆርጦ፣ «ሳንሱር የተደረገችው ታሪካዊ ካርቱን» ተብላ። ብዙ ሰው ተቀባብሏታል። ቤት ገብቼ የድሮ ማህደሬን አገላብጬ ዋናዋን ወረቀት አወጣሁ፤ ሦስተኛዋን ሳጥን፣ ቀና ያላለውን ፎቶ ጭምር፣ አጥርቼ አንስቼ አስተያየት መስጫው ላይ ለጠፍኩ። «ሠሪው እኔ ነኝ፤ ሙሉው ይኸው» ብዬ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንዱ መለሰልኝ፦ «ፌክ ነው። ኦሪጅናሉ ሁለት ነው። ይሄኛው ደግሞ ብዙም አያስቅም።»

ላይክ ያደረጉለትን ሰዎች ከፍቼ አየሁ። ጋሼ አሁን ሜሪላንድ ልጃቸው ጋ ናቸው። ሦስተኛው ላይ ስማቸው አለ።