ዳዊት ለሚደግሙ እናት የድብ ሥዕል

አገር ቤት ያሉ ጓደኞች የሚደጋግሙት ጥያቄ አለ፤ «እዚያ እየኖራችሁ እንግሊዝኛ ምን ያስቸግራል? በጆሮ ይገባ የለ!» አዎ፣ ንግግሩ በጆሮ ይገባል፤ እሱም የሥራ ባልደረባው ሁሉ ሐበሻ ካልሆነ ነው። ንባብ ግን በጆሮ አይገባም። አሜሪካ አሥር ዓመት ኖሮ፣ ከአለቃው ጋር እየተሳሳቀ ሠርቶ፣ ከትምህርት ቤት የመጣን ደብዳቤ በሰባት ዓመት ልጁ የሚያስነብብ አባት ብርቅ አይደለም። ልጁም ብልጥ ነው፤ ስለ ጸባዩ የተጻፈውን መስመር ዘሎት ያልፋል።

እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን ቆርጦ የማታ ክፍል ይመዘገባል። ውርደቱም እዚያው ይጠብቀዋል። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ልጅ አሳድገው የዳሩ፣ ዳዊት የሚደግሙ እናት ፊት የሚቀመጠው ወረቀት ላይ ፊኛ የያዘ ድብ ተስሏል። የፊደል መዝሙር እያጨበጨቡ ይዘምራሉ። ሲጨርሱ ወረቀታቸው ላይ የወርቅ ቀለም ያላት ኮከብ ትለጠፍና «ጉድ ጆብ!» ይባላሉ። መምህሯ ክፋት የለባትም፤ እዚህ አገር በር የከፈተም «ጉድ ጆብ» ይባላል። እኚያ እናት ግን በሚቀጥለው ሳምንት የሉም። ሲደወልላቸው «ሥራ በዛብኝ» ይላሉ፤ መዝገቡ ላይም «በሥራ ምክንያት አቋረጡ» ተብሎ ይሰፍራል። ኮከቧን የሚመዘግባት የለም።

ጥፋቱ ከምደባ ይጀምራል። የአሜሪካ የጎልማሶች ትምህርት የእንግሊዝኛ ተማሪዎችን በስድስት ደረጃ ይከፍላል፤ መመደቢያው ፈተና ደግሞ የሚለካው እንግሊዝኛን ብቻ ነው። በየትኛውም ቋንቋ አንብቦ የማያውቅ ሰውና 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው፣ 231 ቅርጽ ለይቶ የሚያነብ ሰው እኩል ዜሮ አምጥተው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ይህን ለማረም አምስት ደቂቃ ይበቃል። ተማሪው በሚያነበው ቋንቋ የተጻፈ አጭር አንቀጽ ይሰጠውና ድምፁን አውጥቶ ያንብብ፤ ቀጥሎ ስለራሱ ሦስት መስመር ይጻፍ። መምህሩ አማርኛ ባይችል እንኳ ዓይንና ጆሮ አለው። ንባቡ ይፈሳል ወይስ ይቆራረጣል? እስክሪብቶ የለመደ እጅ ነው? መስመር ይጠብቃል?

«ኢትዮጵያዊ» የሚለውን ብቻ አይቶ ለሁሉም የአማርኛ ትርጉም ማደልም ሌላው ስህተት ነው። በቁቤ የተማረ የአፋን ኦሮሞ አንባቢ የላቲንን ቅርጽ ማንም እንዲያስቆጥረው አያስፈልገውም፤ የሚያደናግረው የድምፁ መቀያየር ነው። በቁቤ ሲ «ጭ»፣ ኪው «ቅ»፣ ኤክስ «ጥ» ናቸው። ሶማልኛም እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በላቲን ሲጻፍ ኤክስን ከጉሮሮ ለሚወጣው «ሐ» ይዞታል። ለእነዚህ ተማሪዎች የሚጋጩትን ፊደላት ብቻ የሚያሠራ ሁለት ገጽ ይበቃል፤ ከኤ መጀመር ሰው ማባረር ነው።

በግዕዝ ፊደል ያነበበው ሰው ችግር ግን ለየት ይላል። «ባ» ስንጽፍ ተነባቢውና አናባቢው አንድ አካል ላይ ናቸው፤ እንግሊዝኛ ለየብቻ ያቆማቸዋል። ስለዚህ ቢ፣ ኤ እና ቲ ተደርድረው ሲያይ ጀማሪው «ብ… አ… ት» ብሎ ሦስት ቦታ ይቆርሳቸዋል፤ መልሶ አንድ ማድረግ ያቅተዋል። «ፈጠን አድርገህ አገናኛቸው» የሚለው የተለመደ ምክር አይሠራም፤ ፈጥኖም ቢሆን ሦስት ቁራጭ ነው። የሚሻለው ከሚያውቀው መነሳት ነው። ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ ተማሪው የማይለወጠውን ግንድ በሰማያዊ፣ የሚለወጠውን ቅጥያ በቀይ ያስምር። ከሥራቸው ያው ክፍለ ቃል በላቲን ይጻፍ፤ ቀዩ ተነቅሎ በስተቀኝ እንደቆመ ያኔ በዓይኑ ያያል። ቀጥሎ ሦስት ባዶ ሳጥን ይሰመር፤ መምህሩ ቃሉን ሲናገር ተማሪው ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ሳንቲም ወደ ሳጥኑ ይግፋ። ፊደሉ ሳንቲሙን የሚተካው ከዚህ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቃላት እንደ ም፣ ስ፣ ን እና ፍ በትንፋሽ በሚጎተት ድምፅ ይጀምሩ፤ «ምምም» እያለ ሳይቋረጥ ወደ አናባቢው ይሻገራልና። «ብ» እና «ት» ስለማይጎተቱ ያልተፈለገች አናባቢ ትለጠፍባቸዋለች።

የትምህርቱ ቅደም ተከተልም ለእኛ ተብሎ አልተሠራም። አማርኛ በቃል መጨረሻ ሁለት ተነባቢ ይችላል፤ «ወርቅ»፣ «ግንድ» እንላለን። መጀመሪያው ላይ ግን አይወድም፤ «ስኩል» «እስኩል» የሚሆነው ለዚህ ነው። ብዙ መጻሕፍት ሁለቱን አንድ ምዕራፍ ውስጥ አጭቀው ያልፋሉ። ለአማርኛ ተናጋሪ «ባንክ»፣ «ሬንት» እና «ዴስክ» ይቅደሙ፤ «ስቶፕ» እና «ስትሪት» ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይተው ይምጡ። አናባቢ ላይ ደግሞ ሰባት ይዘን መጥተን ከ12 በላይ ይጠብቀናል። መርከብ የሚባለውንና በግ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጆሮው ያለየን ሰው በጽሑፍ ለይ ማለት ከንቱ ድካም ነው። መምህሩ ይናገር፣ ተማሪው ከሁለት ሥዕል አንዱን ይጠቁም፤ ከ10 ጊዜ 8ቱን ሲያገኝ ፊደሉ ይከተል። ቢ እና ዲ ፊታቸውን ያዞሩ መንትዮች ስለሆኑ በአንድ ሳምንት አይሰጡ። እንደ «ሴድ» ያለው አፈንጋጭ ቃል ደግሞ ሙሉውን አይሸምደድ፤ ከደንቡ የወጣው አናባቢ ብቻ ይከበብ፣ ጫፍና ጫፉ በደንቡ ይነበባል። በነገራችን ላይ፣ በእንግሊዝኛ ስፔሊንግ የሚስቅ ሐበሻ ትንሽ ይቆጠብ፤ ሀ፣ ሐ እና ኀን ለአንድ ድምፅ ተሸክመን የመጣነው እኛ ነን።

ወደ ድቡ ልመለስ። ቀላል ጽሑፍ የግድ የልጅ ጽሑፍ አይደለም። የልጆቹ መጻሕፍት ድመትና ባርኔጣ የሚያበዙት ቃላቱ ባለ ሦስት ድምፅ ስለሆኑ ነው፤ «ጆብ»፣ «ባስ»፣ «ቫን»፣ «ሲክ» እና «ቦስ» ምን አጥፍተው? «ሳም ኢዝ ሲክ። ሂ ካን ኖት ጌት አፕ። ሂዝ ቦስ ኢዝ ማድ።» ከድቡ ታሪክ በምንም አይከብድም፤ ሳም ከሥራ ይባረር እንደሆነ ለማወቅ ግን ገጹን የማይገልጥ የለም።

አንድ ገጽ አንድ አዲስ ድምፅና ከ6 እስከ 8 አዲስ ቃል ይበቃዋል፤ ቃላቱም አስቀድመው በንግግር የታወቁ ይሁኑ። ትርጉሙን ያላወቀውን ቃል በትክክል ማንበቡ ለመምህሩ እንጂ ለእሱ አይጠቅምም። ከ100 ቃል 95 ወይም 98 ያህሉ ካልታወቀ ቀሪውን ከአውዱ መገመት አይቻልም፤ የጀማሪ መጽሐፍ የሚሸጠው «ታሪክ» ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የፊደሉ መጠን ከ14 አይነስ፣ መስመሩ አንድ ተኩል ይራራቅ። ኤ በኅትመትና በእጅ ጽሑፍ ሁለት መልክ ስላላት መጀመሪያ የእጁን የሚመስል የፊደል ዓይነት ይመረጥ። ከሥዕል ፎቶ ይሻላል፤ ብቻውን የተሳለ እጅና አየር ላይ የተንጠለጠለ ቀስት ትምህርት ቤት ላልዋለ ሰው ምንም አይናገሩም።

ከሁሉም የተሻለው መጽሐፍ ግን ተማሪው ራሱ የሚናገረው ነው። ክፍሉ አንድ ፎቶ አይቶ ይነጋገራል፤ ተማሪዎች ከ4 እስከ 6 ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ፤ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ያነባል፣ አብረው ያነባሉ። እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር አለ፤ ሦስተኛው ንባብ ላይ ግማሹ ክፍል ሰሌዳውን ሳያይ በቃሉ ይወርደዋል። የሽምደዳ ልጆች መሆናችን አይረሳ! ስለዚህ ዓረፍተ ነገሮቹ በወረቀት ይቆረጡ፣ ይደባለቁ፣ ተማሪው ይደርድራቸው፤ ቀጥሎ አንዱ ዓረፍተ ነገር በቃል በቃሉ ይቆረጥ። ሰዋስው ላይ የሚከራከሩ አሉ፤ «እንዳለው ይጻፍ» ይላሉ። ገጹን ሌሎች ስለሚያነቡት ሰዋስው ይስተካከል ባይ ነኝ፤ ቃላቱ ግን አይነኩ።

መምህሩም «ገባችሁ?» ብሎ አይጠይቅ። መምህርን ማሳፈር ነውር ሆኖብን ክፍሉ በሙሉ «የስ» ይላል። «አሳየኝ»፣ «ጠቁም»፣ «ከሁለቱ ምረጥ» ይበል።

ለልጆች ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሳን ፍራንሲስኮ የቻይና ተወላጅ ተማሪዎች ባነሱት ላው እና ኒኮልስ በተባለው ክርክር፣ ቋንቋውን ለማያውቅ ተማሪ እንደሌሎቹ ያንኑ መጽሐፍና መምህር ማቅረብ እኩል ማስተናገድ አይደለም ብሏል። ጎልማሳው ግን ሳይከራከር ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ነው።

ለመምጣት ሻንጣ የምታዘጋጁ፣ የግራመር ሽምደዳውን ቀነስ አድርጉት። ፕረዘንት ፐርፌክትን በሠንጠረዥ የሚያወርድ፣ ቅጽ ሲሰጡት ግን የሚያልበው ሰው እዚህ ሞልቷል። ሽምደዳ ለዜግነት ፈተናው ያግዝ ይሆናል፤ እዚያ ከሦስት ዓረፍተ ነገር አንዱን አንብቦ፣ ከሦስት አንዱን ጽፎ ማለፍ ይቻላል፣ የቃላት ዝርዝሩም በይፋ የወጣ ነው። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ግን የቃላት ዝርዝር የለም። ስማችሁን ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ፣ አንድ ሆሄ ሳትለውጡ መጻፍ ልመዱ፤ «ላስት ኔም» ሲባል አንድ ቀን የአባት፣ ሌላ ቀን የአያት ስም የሞላ ሰው ሁለት ፋይል ይከፈትበታል። ቀን ስትጽፉ እዚህ ወር ይቀድማል። የትምህርት ማስረጃ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የምደባ ቀን «በአማርኛ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ» በሉና ወረቀት ጠይቃችሁ እዚያው ጽፋችሁ አሳዩ። ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በነፃ የሚያስጠኑ በጎ ፈቃደኞች አሏቸው፤ ወረፋ ስለሚኖረው ግን በደረሳችሁበት ሰሞን ተመዝገቡ።